አንባቢን የሚያስተናግድ ጽሑፍ፦ ለጀዊና ለጋምቤላ አንባቢ ስንጽፍ

ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ወደ አገሩ ሲመለስ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ሮጦ ሲደርስ ንባቡን ሰማ፤ ሰውየው የሚያነበው ድምፁን አውጥቶ ነበርና። የሚያነበው ይገባው እንደሆነም ጠየቀው። ያ ትልቅ ባለሥልጣን የሚያስረዳው ሰው እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረና ፊልጶስን ከጎኑ አስቀመጠው (ሐዋ. 8፥26-40)።

ወገኖች፣ ይህን ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ወንጌል ስርጭት ስንናገር ነው። ለሚጽፍ ሰው ግን ሌላም ትምህርት አለው። ፊልጶስ አስቀድሞ ያዘጋጀውን ስብከት አላወጣም። ሰውየው ያነብበት ከነበረው፣ ካልገባው ከዚያው ስፍራ ጀመረ። አንባቢን የሚያስተናግድ ጽሑፍ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው፦ ጸሐፊው ካለበት ሳይሆን አንባቢው ካለበት የሚጀምር። የቤተ ክርስቲያን መጽሔት፣ የማስታወቂያ ወረቀት፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መምሪያ ወይም ትራክት የምታዘጋጁ ሁሉ ይህ ጉዳይ ይመለከታችኋል። ምሳሌያችንን የምንወስደው ከጋምቤላ፣ በተለይም ከጀዊ ነው። ምክንያቱም በዚያ ስፍራ አንባቢን ሳያውቁ መጻፍ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የሚያነበው ማን ነው?

ጀዊ ከጋምቤላ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። የተከፈተው በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ሲሆን፣ ወደዚያ የተዛወሩት አብዛኞቹ ሰዎች ቀደም ሲል በሌይቹዎርና በኒፕ ኒፕ ሰፍረው ሳለ በክረምቱ ጎርፍ የተጥለቀለቁ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ከጦርነት፣ ቀጥሎም ከውኃ ሸሹ ማለት ነው። በብዛት የኑዌር ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው። በመካከላቸው አገልጋዮች፣ ዘማሪዎች፣ የሰንበት ትምህርት መምህራንና እጅግ ብዙ ሕፃናት አሉ።

አሁን ከአዲስ አበባ ወይም ከጋምቤላ ከተማ በአማርኛ የታተመ አንድ ወረቀት እዚያ ደረሰ እንበል። ማን ያነበዋል? በደቡብ ሱዳን የመንግሥት ሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ትምህርት ቤት የገባው ሰው ፊደልን ያወቀው በላቲን ነው። እዚህ ተወልዶ እዚህ የሚያድገው ልጅ አማርኛ ከጎረቤትና ከገበያ ሊሰማ ይችላል፤ መስማትና ማንበብ ግን ለየቅል ናቸው። ከመጠለያው ውጭ ያለው አኝዋ፣ መዠንግር፣ ኦፖ፣ ኮሞ፣ እንዲሁም ከደጋ መጥቶ የሰፈረው ወገን ደግሞ የየራሱ የንባብ ልማድ አለው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ አማርኛ ለሁሉ ይደርሳል ብለን እናስባለን። ቢሮ ይደርስ ይሆናል። ምሽት ላይ እናት ከልጆቿ ጋር ወደ ተቀመጠችበት ቤት መድረሱን ግን ጠይቀን እናውቃለን?

ሌላም ነገር አለ። ማንበብ የሚችለው ጥቂት በሆነበት ስፍራ ጽሑፍ የሚነበበው እንደ ጃንደረባው ድምፅ ተሰምቶ ነው። አንድ ልጅ ያነባል፣ አሥር ሰው ይሰማል። ስለዚህ ለዓይን ብቻ የተጻፈ፣ ሦስት መስመር ሙሉ ሳይቆም የሚሄድ ዐረፍተ ነገር የሚያነበውን ልጅ ያደናቅፈዋል፣ የሚሰሙትንም ያሰለቻቸዋል። የጻፋችሁትን ከማሳተማችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ያጠራችሁበት ቦታ ላይ አራት ነጥብ ይግባ።

በሰው ቋንቋ፣ በሰው ተረት

አገራችን ለንባብ የሠራችው ሥራ ትልቅ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተምሮ በእ.ኤ.አ. 1980 የዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። ከዚያ በፊትም የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በየምሥራች ድምፅ የመሠረተ ትምህርት ሥራ ብዙ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥራለች። ሆኖም ከ15ቱ የዘመቻው ቋንቋዎች መካከል ኑዌርኛና አኝዋኛ አልነበሩም። የጋምቤላ ጎልማሳ ፊደል መቁጠር ቢፈልግ አስቀድሞ የሌላ ሰው ቋንቋ መማር ነበረበት።

የኑዌር ቋንቋ በጽሑፍ መልኩን ያገኘው በሌላ በኩል ነው። በእ.ኤ.አ. 1928 በደቡብ ሱዳን ሬጃፍ በተደረገው የቋንቋ ጉባኤ የአካባቢው ዋና ዋና ቋንቋዎች በላቲን ፊደል እንዲጻፉ ተወሰነ፤ ኑዌርኛም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ዛሬ በጀዊ በአምልኮ ላይ የሚነበበው የኑዌር መጽሐፍ ቅዱስና የሚዘመረው የመዝሙር መጽሐፍ የዚያ ፊደል ውጤት ነው። እንግዲህ ኑዌርኛን በግዕዝ ፊደል ጽፈን ብንልክ ቋንቋው ትክክል ሆኖ ሳለ ሰውየው ሊያነበው አይችልም። ከቋንቋው እኩል ፊደሉም መታሰብ አለበት።

በዚህ ረገድ ከአናሲሞስ ነሲብና ከአስቴር ጋኖ የተሻለ አስተማሪ የለንም ብዬ አምናለሁ። አናሲሞስ የተወለደው በኢሉባቦር በሁሩሙ ነው፤ በመቱ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚጓዝ ሰው ዛሬም ያልፍባታል። በልጅነቱ ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፣ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ተማረ። አስቴርም እንዲሁ ከባርነት ነጻ የወጣች ናት። ሁለቱ በምጽዋ አቅራቢያ በምትገኘው በእምኩሉ ሆነው መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ የመተርጎሙን ሥራ ሠሩ፤ እርሱም በእ.ኤ.አ. 1899 በስዊዘርላንድ ታተመ። ይህን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የማይነገረው በ1894 ያሳተሙት የንባብ መጽሐፍ ነው። ከመንፈሳዊው ትምህርት ጎን ለጎን የሕዝቡ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ገብቶበታል። አስቴር ከልጅነቷ ጀምሮ የሰማችውን በቃሏ ይዛ ኖራ በጽሑፍ አሰፈረችው።

ለምን ይህን አደረጉ? ያን ጊዜ ኦሮምኛ ማንበብ የለመደ አንባቢ አልነበረም። መጽሐፍ ለእርሱ እንግዳ ነገር ነው። ገጹን ገልጦ አያቱ ያጫወቱትን ተረት ሲያገኝ ግን መጽሐፉ ከቤቱ የወጣ ይሆንበታል። አንዳንዶቻችን ተረትና ዘፈን ከወንጌል መጽሐፍ ጋር መደባለቁ ይከብደን ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ ግን በባዕድ አገር ተቀምጠው ወገናቸውን የሚያስታውሱ ሰዎች ነበሩ፤ አንባቢያቸውን ያውቁት ነበር። የጀዊ ሰውም እንዲሁ ስለ ከብቱ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ዓሣው፣ ጥሎት ስለ መጣው መንደር የሚናገር ታሪክ አለው። ለጥናት መምሪያችን ምሳሌ ስንፈልግ ሁልጊዜ ስለ ጤፍ አጨዳና ስለ በረዶ ለምን እናወራለን? ስለ ባሮ ወንዝ ሙላት ብንናገር በአንድ ቃል ይገባዋል።

የቤታችን ቋንቋ

እኛ ወንጌላውያን የራሳችን አነጋገር አለን። እርስ በርሳችን ስንነጋገር አይታወቀንም። አንድ ወንድም በመጽሔት ላይ ለጋምቤላ ሸክም እንዳለው ይጽፋል። በአማርኛ ብዙ ያልገፋ አንባቢ ግን ሸክም የሚያውቀው በገበያ፣ በጀርባ ላይ ነው። ቅባት ስንል እርሱ ዘይት ያስባል። ሴል ስንል ባትሪ ይመጣበታል። ኮንፈረንስ፣ ሚኒስትሪ፣ ሪቫይቫል የሚሉት ደግሞ እንግሊዝኛ ለሚያውቀው ብቻ የተነገሩ ናቸው። እነዚህን ቃላት መጠቀም ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሲደረደሩ ለእንግዳው ይህ ቤት የአንተ አይደለም እንደ ማለት ይሆናሉ። ጳውሎስም የማይታወቅ ቃል የሚናገር ሰው ለአየር የሚናገር እንደሚሆን ለቆሮንቶስ ሰዎች አስረድቷል (1ቆሮ. 14፥9)።

አህጽሮተ ቃላትም ከዚሁ ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችንን ስም በአምስትና በስድስት ፊደል አሳጥረን በየነጥቡ እንጽፈዋለን፤ ከአባሉ በቀር የሚፈታው የለም። ስለ ፊደል ካነሣን አይቀር፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ በአንድ ገጽ ላይ ለአንድ ቃል ሲቀያየሩ አማርኛን በትምህርት የሚያጠና ሰው ሁለት የተለያዩ ቃላት ይመስሉታል። የትኛው ትክክል እንደሆነ መከራከሩ ለሊቃውንት ይቆይ። አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው በእርሱ ጽኑ።

ቀንና ሰዓት

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በጋምቤላ ግን ትንሽ አይደለም። አንድ ማስታወቂያ የሕፃናት ምዝገባ በ3 ሰዓት እንደሚጀምር ይናገራል። የጋምቤላ ከተማ ሰው ጠዋት ይመጣል። የደቡብ ሱዳኑ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እንግሊዝኛው ስለሆነ ከቀትር በኋላ በእኛ 9 ሰዓት ሲሆን ይደርሳል፤ መዝጋቢው ግን ሄዷል። ይባስ ብሎ ደቡብ ሱዳን ከእ.ኤ.አ. የካቲት 2021 ጀምሮ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለመለሰች፣ ከድንበር ማዶ የመጣ ሰው ስልክ ያልተስተካከለ እንደሆነ ሌላ ልዩነት ይጨምራል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። 2007 ስንል እኛ ጀዊ የተከፈተበትን ዓመት እናስባለን፤ እርሱ ደግሞ ደቡብ ሱዳን ገና አገር ሳትሆን በፊት ያለውን ዘመን። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ብላችሁ ጻፉ፣ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡ፣ የሳምንቱን ቀን ስም አትርሱ። ማክሰኞ ለሁሉም ማክሰኞ ነው።

የሚጠቅም ማለት ምን ማለት ነው?

በ2017 ዓ.ም. በጋምቤላ ክልል የኮሌራ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን በእሑድ ጉባኤዋ የምታነበው ወረቀት የሰው ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የምንጽፈው በሚከተለው ዓይነት ነው፦

“በክልላችን የተከሰተውን አተት አስመልክቶ ምእመናን ለግልና ለአካባቢ ንጽሕና አጠባበቅ ከፍተኛ ትኩረት በመስጠት የበኩላቸውን ክርስቲያናዊ ኃላፊነት እንዲወጡ በጌታ ፍቅር እናሳስባለን።”

በዚህ ውስጥ ስሕተት የለም። ግን ማን ምን ያድርግ? አተት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት የሚለውን ለማሳጠር የጤና ቢሮ የሚጠቀምበት ቃል ነው፤ ልጇ የታመመባት እናት የምታውቀው ተቅማጡን ነው። ትኩረት መስጠት ደግሞ በእጅ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ያንኑ መልእክት እንዲህ ብንጽፈውስ?

“ውኃ የሚመስል ተቅማጥ የያዘው ሰው፣ ልጅም ይሁን ትልቅ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እስኪደርስ ድረስ መጠጣት አያቋርጥ። አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. (ሕይወት አድን) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡና በየጊዜው በትንሽ በትንሹ ስጡት። ኦ.አር.ኤስ. ካላገኛችሁ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ዝርግ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ዝርግ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው አታብዙ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡት አይከልከል። ከመጸዳጃ ቤት ስትወጡ፣ ምግብ ከመሥራታችሁና ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የምትጠጡትን ውኃ አፍሉት ወይም የጤና ሠራተኛ በሚሰጣችሁ መድኃኒት አክሙት።”

ሁለተኛው ይረዝማል። ግን የሰማው ሰው ቤቱ ሲገባ የሚሠራው ነገር አለው። አንድ ሊትር ስንት እንደሆነ ካልታወቀም ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የአንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ጥቀሱ። እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ከማንበባችሁ በፊት ለአንድ የጤና ባለሙያ አሳዩት፤ በየጉባኤው አንድ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አይጠፋም።

በሌላውም ጉዳይ መንገዱ አንድ ነው። ሕፃናትን ለጌታ በምናቀርብበት ቀን በምንበትነው ወረቀት ላይ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት የሚገልጽ አንድ መስመር ብንጨምር ምን ይጎድልብናል? ኢትዮጵያ ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2017 ጀምሮ የስደተኞችንም ልደት፣ ጋብቻና ሞት ትመዘግባለች። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ ነገ የማን ልጅ እንደሆነና የት እንደተወለደ ማስረዳት ይቸግረዋል። ቤተሰብ በጦርነት በተበተነበት ስፍራ ይህ ወረቀት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ሁለቱም ወገን የሚያነበው

እስካሁን የተናገርነው ስለ መረዳትና ስለ መጠቀም ነው። በጋምቤላ ግን ጽሑፍ አንባቢን ተቀበለ ወይስ ገፋ የሚለው ከዚህም ይከብዳል።

ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ለክልሉ መራራ ወር ነበር። ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን መንደሮች ላይ አደጋ ጥለው ከ200 በላይ ሰዎች ገደሉ፣ ከ100 በላይ ሕፃናትንም ይዘው ሄዱ። በዚያው ወር በጀዊ ሁለት የስደተኛ ልጆች በመኪና ተገጭተው ሞቱ። ከዚህ በተነሣ ቁጣ በመጠለያው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ተገደሉ። ከዚያ ጥቂት ወራት አስቀድሞ ደግሞ በጋምቤላ ከተማ በኑዌርና በአኝዋ መካከል ደም ፈስሶ ነበር።

በእንዲህ ያለ ሳምንት የሚጽፍ ክርስቲያን አንባቢው አንድ ወገን ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ አለበት። የሁለቱ ልጆች እናት ታነበዋለች፤ የተገደለው ሠራተኛ ሚስትም ታነበዋለች። ሁለቱም ምናልባት በአንድ ጌታ ያምናሉ። እገሌ ገደለ ማለትና የእነ እገሌ ሕዝብ ገዳይ ነው ማለት የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ወንጀል ይናገራል፣ ሁለተኛው ሌላ ወንጀል ያዘጋጃል። ስለ አንድ ወገን ሙታን ጽፎ ስለ ሌላው ዝም ማለትም ሐሰት ሳይናገሩ መዋሸት ነው። ያልተረጋገጠ ወሬ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ዘግይቶ እውነቱን መጻፍ ይሻላል። ቸኩሎ ቀዳሚ ለመሆን የሚደረገው ሩጫ ለንግድ ጋዜጣ ይጠቅም ይሆናል፣ ለጉባኤ ግን አይጠቅምም።

የስደተኛን ስም፣ ፎቶግራፍና የመጣበትን መንደር ስናወጣም እናስብ። ምስክርነቱ ልብ የሚነካ ነው ብለን የምናትመው ታሪክ ከድንበር ማዶ ለቀሩት ዘመዶቹ አደጋ ሊሆን ይችላል። ፈቃዱን እንጠይቀው፤ ፈቅዶም ቢሆን ስሙ ባይወጣ የሚጎድል ነገር እንዳለ ራሳችንን እንጠይቅ። ደግሞም ሁልጊዜ ሲራብና ሲያለቅስ ብቻ የሚታይ ሰው ያንን ወረቀት ደስ ብሎት አያነበውም። በጀዊ የሚያስተምር፣ የሚሰፋ፣ የሚነግድ፣ ኳስ የሚያጫውት፣ ሌሊት ተነሥቶ የሚጸልይ ሰው አለ። እርሱም ይጻፍ።

አንባቢው ሲመልስ

የጥንቶቹ መጽሔቶቻችን ጥሩ ልማድ ነበራቸው፤ የጥያቄና መልስ ዓምድ። በብዙ ቦታ እየቀረ ነው። ያ ዓምድ ጸሐፊውን ከወንበሩ ያወርደዋል፣ ምክንያቱም ጠያቂው የሚጠይቀው ጸሐፊው ያላሰበውን ነው። አንድ ሰው ስለ ሥላሴ ትምህርት የተጻፈውን አንብቦ የሟች ወንድሙን ሚስት ስለማግባት ይጠይቃል፤ በኑዌር ባህል ይህ የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነውና። ጥያቄው ከርዕሱ ወጥቷል ብለን አንጣለው። ጸሐፊው አንባቢው ቆሞ የነበረበትን ስፍራ የሚያየው ያን ጊዜ ነው።

በጀዊ ላሉ አንባቢዎች ደብዳቤ መጻፍ ሁልጊዜ አይመችም። ስለዚህ ጥያቄውን በቃል የሚሰበስብ ሰው መመደብ ይቻላል፤ የኑዌር ቋንቋ የሚያውቅና ሴቶች ሳይፈሩ የሚያናግሩት ቢሆን፣ ወይም እርሷ ራሷ ሴት ብትሆን ይመረጣል። የተሰበሰበው ጥያቄ በሚቀጥለው እትም ካልተመለሰ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም። መልሱን የማናውቀው ከሆነም ጥያቄው እንደደረሰና መቼ እንደሚመለስ በሁለት መስመር ማሳወቅ ይገባል።

ደግሞም ከሁሉ በፊት የሚሠራ አንድ ነገር አለ። ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ከዚያው አካባቢ የሆነ አንድ ወጣት ይፈለግና ይነበብለት። ከዚያ ምን እንደሰማ በራሱ አነጋገር፣ በራሱም ቋንቋ ለእናቱ ይንገራት። እርሷ የምትጠይቀው ጥያቄ ይጻፍ። መልሱም በጽሑፉ መጀመሪያ፣ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይግባ።